ባዶው ክፍል ሲጣራ

ካናዳ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ባለችው ተንደር ቤይ ከተማ በሚገኘው ሆስፒታል ወደ ማርያታ ኮስኬላ ቢሮ መግባት እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር። ማርያታ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ የተቀጠረችው ግን ለታማሚዎች ሳይሆን ለሚያስታምሟቸው ሠራተኞች ነው። ነርሶቹ በሯን ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

አባቷ እንጨት ቆራጭ ነበር። አንድ ቀን እሱ የጣለው ዛፍ ባልንጀራውን ገደለበት፤ ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልወጣውም። ማታ ማታ ብቻ ከወንበሩ ብድግ ይልና ማንም ላላንኳኳው በር "መጣሁ!" ይላል። ማርያታ ያደገችው ይህን እየሰማች ነው። ስለዚህ ሰው ወደ ቢሮዋ እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ ሮዝ ክሬም የተቀባ ጣፋጭ ዳቦ በካርቶን ይዛ ከክፍል ክፍል መዞር ጀመረች።

"ባለ ዳቦዋ መጣች ደግሞ!" ትላለች የጽኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊዋ ግሌንዳ። "ልትመረምሪን ነው ልታወፍሪን?"

"አንቺንማ መመርመሩን ትቼዋለሁ፤ ማወፈሩ ይቀለኛል።"

ያን ዕለት ግን ግሌንዳ አልቀለደችም። ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ሳበቻት።

"ያቺ ነርስ፣ ኮሪን፣ ባዶ ክፍል እየገባች ታወራለች። ለሥራ አትበቃም ብለሽ ገላግይኝ። ነገ በእጇ ሰው ቢሞትብኝስ?"

"የሰባተኛው ክፍል መብራትስ?"

"መብራት ነው፣ ይበላሻል" አለች ግሌንዳ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

ሰባተኛው ክፍል ሰው አልተኛበትም። ታማሚ ነርስ ሲጠራ ከበሩ በላይ የሚበራው ቢጫ መብራት ግን በፈለገው ሰዓት ይበራል። ሠራተኞች መጥተው አምፖሉን ቀየሩ። ቢቸግራቸው ገመዱን ቆረጡት። አሁንም ይበራል። በበራ ቁጥር ኮሪን የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች።

ማርያታ ስትገባ ኮሪን ከባዶው አልጋ አጠገብ ቆማ ነበር። ገና ከሰዓት ነው፤ ከሐይቁ የተነሳው ጭጋግ ግን መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ክፍሉን አጨልሞታል።

"ዳቦ አልፈልግም፣ ዶክተር።"

"እኔስ መች ሰጠሁሽ?"

ኮሪን ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከዚያ ተናገረች።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የቆየ ልማድ አለ። ሰው ሲሞት የሞተባት ነርስ ነፍሱ እንድትወጣ መስኮት ትከፍትለታለች። አዲሱ ሕንፃ ሲሠራ መስኮቶቹ የማይከፈቱ ሆኑ፤ ነርሶቹም ልማዱን ወደ በሩ አዞሩት። ሬሳው እስኪወጣ በሩ ክፍት ይሆናል፤ ነርሷም ሟቹን በስሙ ጠርታ "መንገዱ ክፍት ነው" ትለዋለች። ማንም አላዘዘም፤ ማንም ግን አይተወውም።

"ዊልፍሬድ የሚባል ሽማግሌ እዚህ ተኝቶ ነበር፤ ባቡር ነጂ" አለች ኮሪን። "እሱ እንደሞተ የጎረቤት ክፍል ቤተሰቦች በሳቅ እየተንጫጩ መጡ፤ ልጃቸው ድኖላቸው ሊወስዱት። ሬሳ አይተው ደስታቸው እንዳይደፈርስ ብዬ በሩን ዘጋሁት። ከዚያ ሌላ ሰው ታመመብኝና ሄድኩ። ስመለስ ወስደውታል። ምንም አላልኩትም፣ ዶክተር። ምንም!"

ማርያታ ለስንቱ ያለችውን ልትል አፏን ከፈተች፦ ድካም ነው፣ የኔ ልጅ፤ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ብዙ ያሳያል። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ከበሩ በላይ መብራቱ ቀጭ አለ። ቢጫው ብርሃን የኮሪንን ፊት ቀባው። አልጋው ላይ ማንም የለም። አንሶላው ግን ሰው ሊነሳ በክንዱ እንደተደገፈበት ጎድጎድ አለ።

ማርያታ ወደ በሩ ሄደች፤ በሩን እስከ ግድግዳው ከፍታ በትከሻዋ ደገፈችው።

"በይ ንገሪው" አለች።

"ዊልፍሬድ" አለች ኮሪን። "አስቆየሁህ፤ ይቅር በለኝ። መንገዱ ክፍት ነው።"

በማርያታ ጎን የሆነ ነገር አለፈ፤ ነፋስ እንዳይሉት ፀጉሯ አልተነካም። መብራቱ ጠፋ። ኮሪን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች።

ግሌንዳ ከኮሪደሩ እጇን አጣምራ ታያቸው ነበር።

"ጨረሳችሁ ቲያትሩን? አሁን እንግዲህ፣ ማርያታ፣ ይቺ ልጅ ለሥራ..."

ከጀርባዋ ቀጭ አለ። አራተኛው ክፍል። እሱም ባዶ ነው።

ግሌንዳ አልዞረችም። ፊቷ ብቻ አመድ መሰለ።

"ያ የኔ አይደለም" አለች ኮሪን ቀስ ብላ።

"አውቃለሁ" አለች ግሌንዳ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር። "ከሠራተኞቹ በፊት የአራተኛውን ገመድ እኔው ራሴ ቆርጬዋለሁ። ስንት ዓመቱ!"

ማርያታ ወደ አራተኛው ክፍል ሄዳ በሩን ከፈተች። እንደ ቅድሙ በትከሻዋ ደገፈችው።

"ስሙ ማን ነበር?"

"ሴት ናት" አለች ግሌንዳ፣ ሳትነቃነቅ።

ኮሪን ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ተነሳች፤ ከኃላፊዋ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን የክፍሉን ስልክና ቁልፍ ፈታ ወሰደች።

"ታማሚዎችሽን እኔ አያለሁ፣ ግሌንዳ" አለቻት። "አንቺ ግቢ። አትቸኩዪ።"