ዋግ፣ ጥንቸልና የሣህሉ ስንዴ

ሣህሉ ዋግ ሊያጠና ስቶክሆልም ሲመጣ እዚያ የነበርን አበሻ ተማሪዎች ሁላችንም ሳቅንበት። ሌላው ሕግና ሕክምና ይማራል፤ እሱ ስንዴ ላይ የሚበቅል ሻጋታ በማጉያ መነጽር ሲያይ ይውላል።

ከአገር ሲወጣ አባቱ አንድ እፍኝ ስንዴ ሰጥተውት ነበር። ዋግ የማይደፍረው ዘር ነው ብለውታል። እሳቸው ሲሞቱ ማሳቸው ላይ ሌላ ዘር ተዘራበት። ስለዚህ በዓለም ላይ የቀረው ያቺ እፍኝ ብቻ ነበረች።

በእኛ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. የከተማው ዳርቻ ሄሰልቢ፣ በአከራዩ በፍሩ (በወይዘሮ) ኤክማን ጓሮ አንድም ሳያስቀር ዘራትና ሊፈትናት ዋጉን ራሱ በተነባት። አብዛኛው ስንዴ ዝገት የመሰለ ዱቄት ለበሰ። ጥቂት ዛላዎች ግን ንጹሕ ሆነው ቀሩ። እፍኙ ድብልቅ ቢሆንም አባቱ እውነታቸውን ነበር! ፍሬው እስኪበስል ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

አንድ ማለዳ ደውሎ «ሙሉመቤት፣ ድረሽልኝ!» አለኝ። ስደርስ ዋግ የበላው ስንዴ እንዳለ ቆሟል። ንጹሖቹ ዛላዎች ከነአገዳቸው የሉም። ጥንቸል መርጣ በልታቸዋለች። ክው አልኩ።

«ዋግ እንኳ ይሉኝታ አለው» አለ ሣህሉ። «ተክሉን ቶሎ ከገደለው የት ይኖራል? እያኖረ ነው የሚበላው። ይቺ ግን ጠራርጋ በልታ ሄደች!»

ፍሩ ኤክማን አዘኑለትና ለእራት ጠሩን። ሥጋ በመረቅ፣ ከድንች ጋር ቀረበ። ሣህሉ እንደ ልማዱ «የአሳማ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አይደለም አሉ። እኛ አበሾች ያኔ ከአሳማ ሌላ የሚጠየቅ ነገር ያለ አይመስለንም ነበር። በላን። ደግሞ ጣፈጠን!

«ጠላትህን እኮ ነው የምትበላው!» አሉት ፍሩ ኤክማን ደስ ብሏቸው። ወንድማቸው ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ማዶ ተኩሶ ገድሏታል።

ጥንቸል! ሹካው ከእጄ ወደቀ። የንስሐ አባቴ ፊት ድቅን አለብኝ። ሣህሉ ግን ብድግ ብሎ «ሆድ ዕቃዋንስ የት ጣሉት?» አላቸው።

ጓሮውን አሳዩት። ተንበርክኮ በባዶ እጁ ሲበረብር በመስኮት አየሁት። አንዲት ፍሬ ብትገኝ ይበቃው ነበር።

ታጥቦ ተመለሰ። «ሁሉንም አድቅቃዋለች» አለና ተቀምጦ ሳህኑን ሳበ።

«ሣህሉ! አውቀህ ልትበላ?»

«የአባቴ ስንዴ ከዚህ ሌላ የት አለ?» አለኝ፤ የቀረውን እያለቀሰ በላ።