ጀሪካን ያቀፉት ኬሚስት

ከአስኮ ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄደው ታክሲ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ከረቫት አስረው ቢጫ ጀሪካን አቅፈዋል። የኮታቸው እጅጌ በአሲድ ተበሳስቷል።

«ጋሼ፣ ቤንዚን ከሆነ አንጭንም» አለ ወያላው።

«ውሃ ነው ልጄ። ኬሚስት ነኝ። መድኃኒት ስንቀምም መርዛማውን ማሟሚያ ፈሳሽ ትተን በውሃ ተክተነዋል። ለማፋጠኛ መዳብ ጣል አድርገን በአልትራሳውንድ የድምፅ ሞገድ ስናናውጠው፣ የአንድ ቀኑ ሥራ በዐሥር ደቂቃ ያልቃል።»

«ታዲያ ውሃውን ለምን ይሸከሙታል?»

«ላቦራቶሪው ውስጥ ውሃ የለማ። ፈረቃችን ሐሙስ ነው።»

ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ጦር ኃይሎች ልንደርስ ስንል ግን ራዲያተሩ ውሃ ጨርሶ ከኮፈኑ እንፋሎት ወጣ። ሹፌሩ ዞሮ ጀሪካኑን አየ፤ እኛም አየነው።

አዛውንቱ ክዳኑን ቀስ ብለው ከፈቱ።

«እባካችሁ፣ ለምርምሩ አንድ ብርጭቆ አስተርፉልኝ።»