ጥቁር ጨርቅ የጠፋባት ከተማ

ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ መኖር ዕድሜ ይጨምራል የሚሉ ሰዎች አሉ። ኖረው አያውቁም። እኛ ዘንድ ጠዋት አንድ ጊዜ ቢያስነጥስዎት ከመንገዱ ማዶ «ይማርዎት» ይሉዎታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሳንባው ታመመ ተብሎ ሊጠይቁዎት ይመጣሉ። ዋናው መንገድ አንድ ነው፣ ዳቦ ቤቱ አንድ ነው፣ ልብስ ሰፊዋም አንድ ናት። እሷ ደግሞ ታላቅ እህቴ ናት።

እትዬ ሠላሳ አምስት ዓመት ሰፍታለች። ሱቋ ከዳቦ ቤቱ ጎን ነው፤ በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ወንበሩም ሰው አያጣም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሱሪውን ሰጥቶ አይሄድም፤ የጉልበቱን ሕመምና የጎረቤቱን ጠብ አብሮ ያስለካል። እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «እህ» ትላለች። እኔ ብሆን በመቀስ አባርራቸው ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ዓይኗ ይደክም ጀመር። ነጭ ላይ፣ ቀይ ላይ ደህና ናት፤ በጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር ግን አይታያትም። ሐኪም ጋ ሂጂ፣ መነጽር አድርጊ ስላት፣ «መነጽር ያደረግሁ ቀን ሱቁን ዘጋሁ በይ። ለዕውር ልብሱን የሚሰጥ ሞኝ የለም» ትለኛለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊነቴ ከመሄዴ በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቼ የመርፌ ትራሷ ላይ እሰካላታለሁ። ከሥራ ስመለስ ደግሞ ጥቁሩን ሁሉ እየገለበጥኩ የዘለለችውን ስፌት እለቅማለሁ። አንድ ቀን የርዕሰ መምህሩን ሱሪ ሁለት እግሮች እርስ በርስ ሰፍታቸው አገኘሁ። ሰውየው ያንን ለብሶ ቢሆን ኖሮ እየዘለለ ነበር ትምህርት ቤት የሚገባው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን ደክሞኝ ነበርና ለባለ ዳቦ ቤቷ ነገርኳት። «ለማንም እንዳትናገሪ፤ ብቻ ጥቁር ሲመጣ አታጣድፏት» አልኳት። «ከእኔ አፍ ከወጣ ምላሴን ቁረጪው» አለችኝ። መቁረጥ ነበረብኝ።

በሳምንቱ ጥቁር ጨርቅ ከከተማችን ጠፋ። እትዬ ጋ የሚመጣው ነጭ መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ፣ ቢጫ ቀሚስ ብቻ ሆነ። ባሏ የሞተባት አንዲት ጎረቤታችን እንኳ «ለሐዘን ሎሚ ቀለም ይሻለኛል» ብላ መጣች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እትዬ ምንም አልሰማችም። የማንንም ምስጢር ለግማሽ ቀን መያዝ የማይችል ሕዝብ ይህችን አንዷን ስምንት ወር ሙሉ ከአንዲት ሴት ደበቃት። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ስለ አየሩ ያወሩላታል። እኔ በንዴት ጥርሴን እነክሳለሁ።

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ወቅት ደረሰ። የዓመቱ ግማሽ ሥራዋ ይኼ ነው፤ ሱሪው ግን ጥቁር ነው። ርዕሰ መምህሩ ጨርቁን በሚኒባስ ወደ ጎረቤት ከተማ መላኩን እትዬ ከሾፌሩ ሰማች። በማግስቱ አንድ ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። «ሱቁ እንደሚከራይ ማስታወቂያ ጻፊልኝ። እጄን ንቀውታል፤ ከሐሙስ በኋላ አልከፍትም» አለች። ድምጿ እንደ ሌላ ጊዜው ቁጡ አልነበረም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

«እትዬ፣ ንቀውሽ አይደለም። ያውቃሉ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ዓይንሽን። የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

መቀሱን አስቀመጠች። «ለማን?»

«ለባለ ዳቦ ቤቷ።»

«ለሁሉም በይኛ። ታዲያ ጥቁሩን እዚያ ማን ይሰፋዋል?» አለች።

«ያው ሙያ ያስተማረሽ ሰውዬ።»

«እሱ? እሱማ ያኔ ሲያስተምረኝ እንኳ መርፌውን በዳበሳ ነበር የሚያገኘው! አዘንን ብለው ለእሱ! ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል።»

ከትራሷ አንድ ባዶ መርፌ ነቀለች፣ ጥቁር ክር በጠሰችና ወደ በሩ ወጣች። አግዳሚው ላይ ባለ ዳቦ ቤቷ፣ ጡረተኛው ፖስተኛና ርዕሰ መምህሩ ተቀምጠዋል። «ይህን ያህል ካዘናችሁልኝ ይችን ክር አስገቡልኝ» አለቻቸው።

ባለ ዳቦ ቤቷ መርፌውን አቀረበችው፣ አራቀችው፣ ክሩን በምራቋ አረጠበችው። ከዚያ ለፖስተኛው ሰጠችው። ፖስተኛው ጫፉን ሦስት ጊዜ ከመርፌው ውጭ ወጋና ለርዕሰ መምህሩ አሳለፈ። ርዕሰ መምህሩ ፀሐዩ አይመችም አለ። ሰማዩ ደመና ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም የማንንም ፊት አላየም። የአንዱን ቤት ወጥ ጨው ማነስ የሚያውቁ ሰዎች፣ የጎናቸው ሰው ዓይን መድከሙን አያውቁም ነበር። እንደዚያ ቀን አዝኜላቸው አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም አናድደውኝ አያውቁም።

እትዬ መርፌውን ተቀበለች። «ሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሁላችንም ዓይን ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ዩኒፎርሙንም ከሰውዬው ተቀብለን እንመለሳለን» አለች።

«ሁላችንም አብረን ስንሄድ ሰው ቢያየንስ?» አለ ፖስተኛው።

«ማን አይቶ?» አለችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ማስታወቂያውን ሳልጽፈው ቀረሁ።