ቆርቆሮ የለበሰው ማሽን

ሲመረቁ ዘግቤላቸው፣ ከርሜ ስመለስ ቆመው ያገኘኋቸው ማሽኖች ብዙ ናቸው። ሐይቅ ዳር ወዳለው ሆቴል የሄድኩትም ብዙ ሳልጠብቅ ነው።

ሥራ አስኪያጇ ባለቤቱን ለወራት ለምና፣ በእንጨት የሚነደውን ቦይለር አስቁማ ሂት ፓምፕ አስተክላለች። ማሽኑ ከውጭው አየር ሙቀት ስቦ ለመኝታ ክፍሎቹና ለልብስ ማጠቢያው ውሃ ያሞቃል፤ የሚተፋው ቀዝቃዛ አየር ነው። ስደርስ ግን ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ቀዝቃዛ ነበር። እንግዶች አኩርፈዋል። ባለቤቱም ነገ ሠርገኞች ሳይገቡ ውሃው ካልሞቀ ቦይለሩ ይመለስ ብለዋል።

«እኔም እመለሳለሁ፤ ወደ ቤቴ» አለችኝ።

ጓሮ ወሰደችኝ። ማሽኑ ሲተከል ገላጣ ቦታ ላይ ነበር። አሁን ዙሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ ታጥሮ፣ ጣሪያ ተደፍቶበት ተቆልፏል። እሷ ፈቃድ ወጥታ ሳለ ያሠሩት ባለቤቱ ናቸው። በእኛ ዘንድ ውድ ዕቃ ደጅ አያድርም። ዘበኛው ሲከፍተው ብርድ መታን። ማሽኑ በረዶ ለብሷል፤ የወጥ ቤት ሰዎች ደግሞ የቦታውን ቅዝቃዜ አይተው ቢራና ለስላሳ በሳጥን በሳጥኑ እስከ ጣሪያው ደርድረዋል። ማሽኑ የተፋውን ቀዝቃዛ አየር መልሶ እየሳበ፣ ሙቀት ከየት ያምጣ?

ባለቤቱ ከኋላችን ደረሱ።

«ፍሪጅ ነው እንዴ ያስገዛሽኝ?»

«ጋሼ፣ አየር አጥቶ እኮ ነው። ቆርቆሮውን ያስነሱልኝ።»

«ሌባ ሲወስደው ልታለቅሺ?»

«ማን ተሸክሞት ይሄዳል? ሲመጣ እንኳ በክሬን ነው የወረደው!»

ዘበኛው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ባለቤቱ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ጋዜጠኛው፣ ምን ትላለህ?»

«እኔ የመጣሁት ለመጠየቅ ነው።»

«እሱማ ይቀላል!» አሉና ለዘበኛው በእጃቸው ምልክት ሰጡት።

ቆርቆሮው ተነቀለ፤ ሳጥኖቹ ወጡ። በረዶው እስኪቀልጥ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ለዜናው የሚሆን ነገር ባገኝም ለመጻፍ አላሰኘኝም። እሷ በየመሃሉ እየተነሣች ቧንቧውን ትከፍታለች። «ለብ ብሏል» ትልና ትቀመጣለች፤ ደስታ ግን አይታይባትም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እጇን ከውሃው መንጭቃ አወጣች። ባለቤቱም መጥተው ነኩት፤ ጣቶቻቸውን አራገፉ።

«በሽቦ እናጥረዋለን» አሉ።

«አየር ያሳልፍ እንጂ፣ እሺ።»

«ነገ በጠዋት ግቢ። ሠርገኞቹን አንቺ ነሽ የምትቀበያቸው።»

በእሺታ ራሷን ነቀነቀችና፣ ሳጥኖቹ ወደ ወጥ ቤት እንዲገቡ ለማዘዝ ሄደች። እኔም ባጃጅ ፍለጋ ወጣሁ።