ካርድ ወይስ ዝርዝር

ሚስቴ አርፋ መቀመጥ አታውቅም። ሥራዋ በስልክ መተግበሪያ ገጽ ላይ ምኑ የት እንደሚቀመጥ መወሰን ነው፤ ቁልፉ ከላይ ይሁን ከታች፣ ስሙ ከፎቶው ይቅደም ይከተል። አመሉ ቤትም ይከተላታል። ባለፈው ዓመት ብቻ ሶፋችን አራት ጊዜ ቦታ ቀይሯል፤ በጨለማ የተጋጨሁትን ባልቆጥረው ይሻላል።

ያን ሳምንት ግን ባሰባት። አንድ ሆስፒታል ነርሶቹ መድኃኒት መስጠታቸውን በስልክ የሚመዘግቡበት መተግበሪያ አሠርቶ በአንድ ክፍል ሁለት ሳምንት ሲሞክር ቆይቷል። ሐሙስ ስብሰባ ተደርጎ ከሁለት አቀማመጥ አንዱ ለሁሉም ክፍሎች ይመረጣል። አንደኛው ካርድ ነው፤ አንድ በሽተኛ ከነፎቶው ስክሪኑን ሞልቶ ይመጣል፣ በጣት ገፋ ሲደረግ ቀጣዩ ይተካል። ሁለተኛው ዝርዝር ነው፤ ሁሉም በአልጋ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ከነመድኃኒታቸው ሰዓት። የተሞከረው ካርዱ ነው፤ እሷው የሠራችው፣ አለቃዋም ያጨበጨበለት። ዝርዝሩን ሰውየው የወረፋ ሰሌዳ ይመስላል ብሎ አጣጥሎታል።

ታዲያ ምን እንደሚያንቆራጥጣት ራሷም አታውቀውም። ጥርሷን ስትቦርሽ ካርድ ትላለች፣ ጫማዋን ስታስር ዝርዝር። እኔም ካርድ ስላት ለምን፣ ዝርዝር ስላት ለምን። ምርር ሲለኝ፣ ታላቅ እህትሽ እዚያው ክፍል ነርስ አይደለች፣ እሷን ጠይቂያት አልኳት። ጠይቃታለች። «ቆንጆ ነው» ብቻ ነው መልሷ።

እህቷ ሃያ ስድስት ዓመት ነርስ ሆናለች። ሚስቴ ግን መጀመሪያ ቀን ቁጭ አድርጋ ካርድ አገፋፍ አሳይታታለች፤ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኼው ነው።

ማክሰኞ እህቷ ከሥራ በቀጥታ እኛ ዘንድ መጣች። ሚስቴ እንኳን ልታስቀምጣት ትሪ አስያዘቻትና እየተራመደች ካርዱን በአንድ እጇ እንድትሞክረው ለመነቻት። የሳሎኑ ወንበሮች አልጋ ሆኑ። እኔ አምስተኛው አልጋ ላይ ታምሜ ተጋደምኩ። እህቷ ክኒን የሰጠችኝ አስመስላ፣ ትሪውን አስተካክላ፣ ስልኩን በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ አለፈች። ሚስቴ ስልኩን ተቀብላ አየችው። «ተሰጥቷል» የሚለው ምልክት ያረፈው ስድስተኛው አልጋ ላይ ነው። ትሪውን ስታስተካክል ጣቷ ካርዱን ገፍቶታል፣ አላወቀችም።

ሚስቴ ፊቷ ጠቆረ። «እታለም፣ እዚያም እንዲህ ሆኖ ያውቃል?»

እህቷ ትሪውን አስቀመጠች። ከዚያ ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ የአልጋ ቁጥር፣ ስም፣ ሰዓት፣ ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶ። ከመጀመሪያው ሳምንት ወዲህ ሥራዋን የምትሠራው በወረቀቱ ነው፣ ስልኩ ላይ በኋላ ትገለብጠዋለች። በዚያ ሳምንት አንድ ሽማግሌ ማስታገሻቸው ሳይሰጣቸው «ተሰጥቷል» ተብሎላቸው ኖሮ፣ ሰው ላለማስቸገር ብለው ጥርሳቸውን ነክሰው እስከ ቀትር ድረስ ተሰቃይተዋል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስንት ደክመሽበት! እንዳይከፋሽ ብዬ ነዋ።»

ተናደድኩ። እኛ ቤተሰብ ውስጥ ለሚወዱት ሰው እውነት አይነገርም፤ ይሉኝታችን ሰው ይገድላል። ሚስቴ ግን አልተቆጣችም። ያን ምሽት ካርድም ዝርዝርም ሳትል ሳሎኑን ስትመላለስበት አመሸች።

ሐሙስ በስብሰባው ላይ የሽማግሌውን ነገር አውጥታ ተናገረች። አለቃዋ የተሳሳተችው ነርስ ማን ናት ብሎ ጠየቀ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ አለች። ሰውየው ቢያጉረመርምም ዝርዝሩ ተመረጠ።

አመሻሽ ላይ እህቷ መጣች። ከበሩ አላለፈችም።

«ማን ናት አሉ?»

«አሉ። ጥፋቱ የካርዱ ነው፣ ካርዱ ደግሞ የኔ ነው አልኳቸው።»

እህቷ የበሩን መቃን ይዛ አለቀሰች። «እኔ እኮ እጄ ያረጀ መስሎኝ፣» አለች፣ «የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ነበር።»