የግራው ሞላ

አያቴ ካረፉ ወር ሆናቸው። ሰው ሁሉ ደግነታቸውን ያወራል፤ እኔ የምጽፈው ስለ ቡሎን ነው።

ቀጨኔ ግቢያችን ውስጥ የሳቸውን ትንሽ የስፖርት መኪና የፊት ሞላዎች አብረን እንቀይር ነበር። ቡሎን ላጠብቅ ስቸኩል እጄን ይይዙኛል።

«ቆይ፣ አንቺ ጥድፊያ። መጀመሪያ ከክሪኩ ትውረድና በእግሯ ትቁም። ተንጠልጥላ እያለች ቡሎኑ ከታሰረ ውስጥ ያለው ላስቲክ ይጠማዘዛል።»

«ከእርስዎ ጋ እኮ አርጅቼ ነው የምጨርሰው፣ አባባ።»

«እርጂ፤ ግን በደንብ እሰሪው።»

የቀኙን እንደጨረስን ታመሙ፤ አልተነሱም። ከሞቱ ሳምንት ሳይሞላ አጎቴ «ብረት ናት በቃ» ብሎ መኪናዋን ሸጣት። የግራውን መግጠም እችል እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም። አሁን በቦታዋ ዘይት የጠጣ መሬት ብቻ አለ።

ትናንት ደውሎ «ገዢው አዲሱን የግራ ሞላ ይፈልጋል፤ አይተሻል?» አለኝ።

«አላየሁም» አልኩት።

አልጋዬ ሥር ነው። እዚያው ይዛግ።