የመምህሩ አደራ

በ1971 ዓ.ም. ለማስተማር አዳማ ስመደብ፣ የትምህርት ቤቱ ሽማግሌ ዘበኛ በቤተ ሙከራው መስኮት የተደረደሩ ስምንት ጠርሙሶችን ጠዋት ጠዋት እየነቀነቁ ወደ ፀሐይ ያዞሩ ነበር። በውስጣቸው ያለው ከቆቃ ሐይቅ የተቀዳ አልጌ ነው፤ ያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነገር። አዛውንቱ በዚያ ሙቀት እንኳ ካፖርታቸውን አያወልቁም። ከኪሳቸው በወረቀት የጠቀለሉትን ማዳበሪያ ያወጡና ቆንጠር እያደረጉ ይጨምሩበታል።

«የማን ነው፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ከእርስዎ በፊት የነበሩት መምህር ነው። ዘይት ሊያወጡበት ነበር። ወታደሮች ከክፍል ይዘዋቸው ሲሄዱ ‹አደራ› አሉኝ።»

«ዘይቱ እንዴት ይወጣል?»

«መጀመሪያ በደንብ ይበላል። ኋላ ማዳበሪያው ሲቀርበት፣ ሲራብ፣ ቅባት ያጠራቅማል ብለውኛል።»

«ታዲያ ይሄ በደንብ አድጓል። ለምን አይከለክሉትም?»

ጠርሙሱን በካፖርታቸው እጅጌ ወለወሉት።

«እኔ አላስርበውም፣ መምህር። ሲመለሱ በገዛ እጃቸው ያስርቡት።»

ለእስረኛው ምግብ ያመላልሱ የነበሩት እኒሁ ሰው እንደሆኑ የሰማሁት በኋላ ነው። አንድ ቀን በእስር ቤቱ በር ላይ ጠባቂዎቹ «ከእንግዲህ ስንቅ አያስፈልገውም» ብለው ምግቡን እንደያዙ መልሰዋቸዋል። ያም የሆነው እኔ ከመምጣቴ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ነበር።